ከሄልሜቱ ሥር ያለው ጥሪ፦ ብሉቱዝ ኢንተርኮም የሞተረኛውን እጅ ነጻ ያወጣል፣ ሐሳቡንስ?

ከመርካቶ ወደ ጳውሎስ፣ ከጳውሎስ ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ የምትመላለሱ ሁሉ ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ሞተር ላይ ነው። ከኋላው የዴሊቨሪ ሳጥን ወይም በገመድ የታሰረ ካርቶን አለ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ አይደለም፤ በሄልሜቱና በጉንጩ መካከል ተሰክቷል። አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ፣ በሚኒባሶች መካከል እየተሹለከለከ ያወራል። የሚያወራው ከጓደኛው ጋር ላይሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ እቃ የሚጠብቅ ደንበኛ ነው፦ «ሆስፒታሉን አልፌ ነው ወይስ ሳልደርስ? ፋርማሲው ጋ ነኝ፣ የትኛው ፋርማሲ?»

ይህን ማየት ስለለመድን አያስደነግጠንም። አሁን ደግሞ የኦንላይን ሻጮች ለዚህ ችግር መፍትሔ አለን እያሉ ነው፦ ሄልሜት ላይ የሚገጠም ብሉቱዝ ኢንተርኮም። ማስታወቂያው እንደሚለው ስልክ መሰካት ቀረ፣ ከኋላ ከተቀመጠው ሰው ጋር መጯጯህ ቀረ፣ ካርታውም በጆሮ ይነገራል። እጅ መሪው ላይ፣ ዓይን መንገዱ ላይ።

እውነት ነው? በከፊል አዎ። እኛ ግን ማስታወቂያው ያላነሳው ጥያቄ ይቀራል እንላለን። ከኋላ ከተቀመጠ ሰው ጋር ማውራትና ቦሌ ቁጭ ብሎ ከሚደውል ደንበኛ ጋር ማውራት አንድ አይደለም። መሣሪያው ሁለቱንም በአንድ ስፒከር ስላስገባቸው አንድ ይመስላሉ እንጂ ለመንገዱ በጣም የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛውን ወሬ ደግሞ ሞተረኛው ብቻውን አላመጣውም። ከተማዋ አድራሻ የሌላት መሆኗ፣ የሥራው አከፋፈልና የእኛ የደንበኞች ችኮላ አንድ ላይ ሆነው ያመጡት ነው።

እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

መሣሪያው ምንድን ነው?

ነገሩ ውስብስብ አይደለም። ከሄልሜቱ ውጭ፣ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል፣ ከክብሪት ሳጥን ከፍ የምትል ነገር ትያያዛለች። ባትሪዋም ቁልፎቿም እዚያ ናቸው። ከእሷ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ በሄልሜቱ ስፖንጅ ሥር ያልፍና ጆሮ ጋ ሁለት ጠፍጣፋ ስፒከር፣ አፍ ጋ ደግሞ አንድ ማይክ ያገናኛል። በአንድ በኩል ከስልክ ጋር፣ በሌላ በኩል ከሌላ ሄልሜት ጋር በብሉቱዝ ትጣመራለች። የምትጠቀመው ሬዲዮ የቤታችን ዋይፋይ የሚሠራበት የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ነው።

በዚህ ገበያ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው የእስራኤሉ ካርዶና የኮሪያው ሴና ናቸው። ሁለቱም ከተራው ብሉቱዝ አልፈው «ሜሽ» የሚባል አሠራር አምጥተዋል። ብዙ ሞተረኞች አብረው ሲጓዙ አንዱ ቢርቅ እንኳ የሌሎቹ መስመር አይበጠስም። የእነዚህ ኩባንያዎች ከፍተኛ ሞዴሎች አንዱ ብቻ በውጭ ገበያ 300 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ይህ ዋጋ ለአንድ የዴሊቨሪ ሞተረኛ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ሞተረኛው አቅሙ የሚደርሰው በጥቂት አሥር ዶላሮች የሚሸጠው የቻይና ሥሪት ላይ ነው።

ርካሹ ይሠራል ወይ? ይሠራል። ግን ሦስት ነገር እወቁ።

አንደኛ፣ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው «1000 ሜትር ይደርሳል» የሚለው ቁጥር ገላጣ ሜዳ ላይ የተለካ ነው። ሕንጻና መኪና ባለበት ይቀንሳል። ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ቁጥሩ ምንም አይፈይድም፤ በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ክንድ ነው። ለዚያ ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ሁለተኛ፣ ዋናው ልዩነት ማይኩ ላይ ነው። ርካሹ ማይክ ነፋሱን ከድምፅ ጋር ይቀላቅለዋል። ያኔ ሰው ድምፅ ይጨምራል፣ ሲጨምር ደግሞ የውጭውን አይሰማም።

ሦስተኛ፣ ክረምት አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንጦጦ ሥር ያለ ሰፈር የሚሠራ ሞተረኛ ውኃ የማይችል መሣሪያ ገዝቶ አንድ ክረምት ላያሻግረው ይችላል። ካርቶኑ ላይ አይፒ67 የሚል ምልክት ካለው መሣሪያው አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ እንዲችል ተደርጎ ተሠርቷል ማለት ነው። ምንም ምልክት ከሌለው ዝናብ አይችልም ብላችሁ ገምቱ።

ሁለቱ ወሬዎች አንድ አይደሉም

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ብዙ ሰው «እጄ ነጻ ከሆነ ችግር የለውም» ብሎ ያምናል። እንደ እውነቱ ከሆነ እጅ ነጻ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ስልክ በጉንጩ የሰካ ሞተረኛ ስልኩ ሊወድቅ ሲል አንድ እጁን ከመሪው ያነሳል፣ አንገቱ ይጣመማል፣ የሄልሜቱም ልክ ይበላሻል። ኢንተርኮም ይህን ሁሉ ያስቀራል። ከተሰካ ስልክ ጋር ካነጻጸርነው የተሻለ ነው፤ አንክድም።

ግን አደጋው እጅ ላይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ኒው ኢንግላንድ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የቶሮንቶ ጥናት፣ ሞባይል ያላቸውና የመኪና ግጭት የደረሰባቸውን 699 አሽከርካሪዎች የስልክ መዝገብ መርምሮ ነበር። ያገኘው፦ ስልክ በሚወራበት ሰዓት የመጋጨት ዕድል ከሌላው ጊዜ በአራት እጥፍ ያህል ከፍ ይላል። ስልኩን በእጅ ባልያዙት ላይም ጥናቱ የተሻለ ነገር አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም እስከዛሬ የሚለው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በእጅ ያልተያዘ ስልክ በእጅ ከተያዘው ያን ያህል አይሻልም ነው የሚለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚወራው በእጅ ሳይሆን በሐሳብ ነው።

ታዲያ ከኋላ የተቀመጠውስ ያወራ የለም እንዴ? ያወራል። ልዩነቱን ያሳየው በዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ነው። አሽከርካሪዎችን በማስመሰያ መኪና ላይ አስቀምጠው ግማሾቹን ከጎናቸው ከተቀመጠ ጓደኛ ጋር፣ ግማሾቹን በስልክ እንዲያወሩ አደረጉ። በስልክ ያወሩት መውጣት የነበረባቸውን መታጠፊያ የሳቱት በብዛት ነው። አብሮ የተቀመጠው ሰው ግን መንገዱን ያያል። መንገዱ ሲጨናነቅ ዝም ይላል፣ ወሬውን ወደ መንገዱ ይመልሳል፣ መታጠፊያውን ያስታውሳል። በስልክ ያለው ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። ምክንያቱም አያይም።

ጥናቶቹ የመኪና ናቸው፤ ሞተር ላይ ነገሩ ይከፋል እንጂ አይቀልም። መኪና ላይ ሐሳቡ የተበተነ ሰው ቢያንስ በአራት ጎማ ቆሟል፣ ዙሪያውም ብረት አለ። ሞተረኛው ሚዛኑን ራሱ ነው የሚጠብቀው።

በቁጥር እንየው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ይጓዛል። «ቆይ፣ የትኛው በር? ሰማያዊው ነው ያልሽኝ?» ለማለት ሦስት ሴኮንድ ይበቃል። ያ 33 ሜትር ነው። ጳውሎስ አካባቢ በ33 ሜትር ውስጥ ስንት ሰው መንገድ እንደሚያቋርጥ ለሰፈሩ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ስለዚህ መሣሪያውን «ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» ብሎ መፍረድ አያዋጣም። ለተሳፋሪው ጥሩ ነው። ለካርታው «ከ200 ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ» ሲል ስልክ ከማየት የተሻለ ነው። ለደንበኛ ጥሪ ግን ችግሩን ከጉንጭ ወደ ጆሮ አዛወረው እንጂ አላጠፋውም።

ሞተረኛው ለምን ያወራል?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ ፍርዳችን የሚዛባው። «ሞተረኛ ሥርዓት የለውም» ብለን እናልፋለን። እስቲ አንድ ትዕዛዝ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንከተለው።

ትዕዛዙ ይመጣል። እቃውን የሚሰጠው ሱቅ «ጳውሎስ አካባቢ» ይላል። ጳውሎስ ማለት ግን አንድ ቦታ አይደለም። ሆስፒታሉ ነው? ቤተ ክርስቲያኑ ነው? ታክሲ ማቆሚያው ነው? በዚህ ሰፈር የቤት ቁጥር በር ላይ ቢለጠፍም ሰው የሚግባባው በቁጥር አይደለም። የሚግባባው በምልክት ነው፦ ከፋርማሲው ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ የኮብልስቶኑ መንገድ የሚያልቅበት፣ አረንጓዴ በር። ይህ ለሰፈሩ ሰው ግልጽ ነው። ከየካ ለመጣ ሞተረኛ ግን እንቆቅልሽ ነው። ስለዚህ ይደውላል። ደንበኛውም መልሶ ይደውላል፦ «የት ደረስክ?» ከዚያ ሱቁ ይደውላል፦ «አደረስክ?» ቀጣዩ ደንበኛ ደግሞ ሌላ መስመር ላይ እየጠበቀ ነው።

ብዙው ሞተረኛ የሚከፈለው ደግሞ ባደረሰው ልክ ነው። ቆሞ ስልክ ማንሳት ለእሱ ጊዜ ነው፣ ጊዜው ደግሞ ገንዘብ ነው። ባያነሳ ትዕዛዙ ሊሰረዝ፣ ደንበኛው ሊቆጣ ይችላል። ስለዚህ እየነዳ ያነሳል። ይህ የአንድ ሰው ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ሥራው ራሱ እየነዱ ማውራትን የሚጠይቅ ሆኖ ስለተሠራ ነው።

ኢንተርኮሙ በዚህ ሥራ ላይ ሲጨመር ምን ይሆናል? አንድ ደስ የማይል ነገር ሊሆን ይችላል። ቀድሞ ስልኩን መሰካት ስለሚያስቸግር አንዳንዱን ጥሪ ይተወው ነበር። አሁን ግን ማንሳት በጣም ስለቀለለ ሁሉንም ያነሳል። እንዲያውም ከርካሾቹ መካከል ስልክ ሲደወል በራሳቸው የሚያነሱ አሉ። ሞተረኛው አደባባይ መሃል ሳለ ጆሮው ውስጥ ድንገት «ሄሎ! የት ነህ?» የሚል ድምፅ ይገባል። አንሳ ወይም ተው የማለት ምርጫውንም ተነጠቀ ማለት ነው።

ቀጣሪዎችም ነገ «ኢንተርኮም አለህ አይደል? ለምን አታነሳም?» ማለት ይጀምራሉ። ለሞተረኛው ደኅንነት የመጣው ነገር የማያቋርጥ የሥራ ገመድ ይሆንበታል።

ጳውሎስ በር ላይ ጆሮ ምን ይሠራል?

ይህን ነገር ከሌላ ሰፈር ይልቅ በጳውሎስ ዓይን ማየት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከአገሪቱ ትልልቅ ሪፈራል ሆስፒታሎች አንዱ ነው። በ2008 ዓ.ም በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው እዚህ ነው። አቤት በሚል ስም የምናውቀው የቃጠሎ፣ የድንገተኛና የአደጋ ሕክምና ሆስፒታልም የዚሁ ኮሌጅ አካል ነው። መንገድ ላይ የተጎዳ ሰው፣ ሞተረኛውን ጨምሮ፣ መጨረሻው እዚህ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሆስፒታሉ አካባቢ መንገድ እንደ ሌላው አይደለም። አምቡላንስ ይገባል፣ ይወጣል። ከክፍለ ሀገር ታማሚ ይዞ የመጣ፣ ከተማውን የማያውቅ ሰው የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ፋርማሲ ፍለጋ መንገድ ያቋርጣል። በክራንች የሚሄድ አለ። ነፍሰ ጡር አለች። ሐሳቡ ዎርድ ውስጥ የቀረ አስታማሚ ግራ ቀኙን ላያይ ይችላል። ከእሱ ጥንቃቄ መጠበቅ ከባድ ነው። ጥንቃቄው ከሚነዳው መምጣት አለበት።

በዚህ መንገድ ላይ ጆሮ ሥራ አለው። የአምቡላንስ ሳይረን ከመታየቱ በፊት ይሰማል። የሚኒባስ ጥሩምባ፣ ከኋላ የሚመጣ አይሱዙ፣ «ኧረ ሞተር!» የሚል የእግረኛ ጩኸት ሁሉም በጆሮ ነው የሚገቡት። ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት ራሱ ድምፅ ይቀንሳል። በሁለቱም ጆሮ ስፒከር ጨምረን ሙዚቃ ስንከፍትበት ሞተረኛው ከመንገዱ ተለይቶ ብቻውን ክፍል ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በከተማው እየበዛ ነው፣ የኤሌክትሪክ ሞተርም እንዲሁ። የኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀድሞ እግረኛው የሞተሩን ጩኸት ሰምቶ ይሸሽ ነበር። አሁን አይሰማም። እግረኛው ሞተሩን ካልሰማ፣ ሞተረኛውም እግረኛውን ካልሰማ፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግጭቱ ብቻ ይሆናል። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን አንርሳ።

ሕጉና ትራፊኩ

አዲስ አበባ ከሞተር ጋር ያላት ታሪክ ሰላማዊ አይደለም። ከተማ አስተዳደሩ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ በዛ ብሎ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም ጀምሮ ሞተር ሳይክሎች በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ፣ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር፣ ከልክሎ ነበር። በዚያ ውሳኔ እንጀራቸው የተቋረጠ ብዙ ወጣቶች ነበሩ። ይህን የምናነሳው ለአንድ ነገር ነው፦ ችግር ሲመጣ ሁሉንም መከልከል ቀላሉ መንገድ ነው፣ ጦሱ ግን በድሃው ላይ ነው የሚያርፈው። በኢንተርኮም ላይም «ይከልከል» ብሎ መጮህ ይመጣ ይሆናል። እኛ በዚያ አንስማማም።

ስልክ እያነጋገሩ መንዳት እንደሚያስቀጣ፣ ሞተር ላይም ሄልሜት ግዴታ እንደሆነ ሁሉም ሞተረኛ ያውቃል። ችግሩ ማየቱ ላይ ነው። ጉንጭ ላይ የተሰካን ስልክ ትራፊክ ፖሊሱ ከሩቅ ያየዋል። በሄልሜት ውስጥ ያለን ጥሪ ግን እንዴት አድርጎ ይይዘዋል? ሞተረኛው ከኋላው ከተቀመጠችው እህቱ ጋር ይሁን ከደንበኛ ጋር እያወራ፣ ከውጭ ለሚያየው አንድ ነው። ስለዚህ በቅጣት ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም።

ሌሎች አገሮች መሃል ላይ ያለ መንገድ ሞክረዋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኤርፎን ለሚነዳ ሰው ከልክላለች፤ በሞተር ሄልሜት ውስጥ የተገጠመውን ግን ፈቅዳለች። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ደግሞ ሁለቱን ጆሮ በኤርፎን መድፈንን ትከለክላለች፣ አንዱ ጆሮ ክፍት መሆን አለበት። ከሁለቱም የምንማረው አለ፦ መሣሪያውን ሳይሆን አጠቃቀሙን መግራት ይቻላል። የእኛም ትራፊክ አካላት ጉዳዩ ሳይበዛ ከወዲሁ «ይህ ይፈቀዳል፣ ይህ አይፈቀድም» ብለው በግልጽ ቢያስቀምጡት ለሞተረኛውም ለፖሊሱም ይቀላል። ካልሆነ ውሳኔው መንገድ ዳር በሁለት ሰዎች ክርክር የሚያልቅ ይሆናል።

ከኢንተርኮሙ በፊት ሁለተኛው ሄልሜት

ኢንተርኮም ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆኖ ነው የሚሸጠው፤ አንዱ ለነጂው፣ አንዱ ለተሳፋሪው። ቆይ ግን፣ ተሳፋሪው ሄልሜት አለው ወይ?

እዚህ ላይ እንቁም። በከተማችን ከኋላ ባዶ ራሱን የሚቀመጥ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። ዘመድ ይሁን ጓደኛ «ቅርብ ነው፣ ምን ችግር አለው» ይባላል። ሞተሩ ሲወድቅ ግን ሁለቱም እኩል ነው የሚወድቁት። ኮክሬን በተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ፣ ሄልሜት ግጭት የደረሰበትን ሞተረኛ የመሞት ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳት ዕድሉን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል ይላል። በዚህ ዋጋ ይህን የሚያደርግ ሌላ መሣሪያ የለም።

ጎረቤቶቻችን ይህን ቀድመው አውቀውታል። ኪጋሊ ውስጥ የሞተር ታክሲ ነጂ ለተሳፋሪው ሁለተኛ ሄልሜት ይይዛል፤ ግዴታ ነው። ካምፓላ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ሴፍቦዳም ስሙን የገነባው ለተሳፋሪ ሄልሜት በመያዝ ነው። ስለዚህ ለሁለት ሄልሜት የማይበቃ ገንዘብ ካላችሁ፣ ስለ ኢንተርኮም አታስቡ። መጀመሪያ ሁለተኛውን ሄልሜት ግዙ።

ሁለተኛው ሄልሜት ካለ ኢንተርኮሙ ዋጋ አለው። ያለ እሱ ነጂው ለመስማት ራሱን ወደ ኋላ ያዞራል። ተሳፋሪው ለመናገር ወደ ፊት ይደገፋል፣ ትከሻ ይመታል፤ ሞተሩም ይናጣል። በኢንተርኮም «ቀስ በል»፣ «ጉድጓድ አለ»፣ «እዚህ ጋ አውርደኝ» ማለት ይቻላል። «ፈርቻለሁ» ማለት ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ተሳፋሪ ፈርቶ ዝም የሚለው ነጂው ስለማይሰማው ነው።

አገጣጠም ላይም አንድ ማስጠንቀቂያ። አንዳንድ ሰው መሣሪያው አልያዝ ሲለው ሄልሜቱን በድሪል ይበሳል፣ ወይም ለስፒከሩ ቦታ ለማግኘት ከውስጥ ያለውን ነጩን ፎም በቢላ ይቆርጣል። ያ ነጭ ፎም ለምቾት የተቀመጠ አይደለም። ግጭት ሲመጣ እየተጨፈለቀ ምቱን የሚወስደው እሱ ነው። እሱን ቆርጦ ስፒከር ማስገባት የቆጡን ላውርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። በማጣበቂያ ወይም በክሊፕ የሚያዝ ግዙ፤ ሽቦውንም በስፖንጁ ሥር ብቻ አሳልፉ። ስፒከሩ ጆሮን ከጨቆነ፣ ሄልሜቱ ለዚያ አልተሠራም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ለሞተረኛው፦ መሣሪያውን ከገዛህ መጀመሪያ በራሱ ጥሪ የሚያነሳበትን አጥፋ። ድምፁን የምትለካው ቤት ውስጥ አይሁን፤ ቆመህ ሞተሩ እየሠራ የሚኒባስ ጥሩምባና የሰው ድምፅ በግልጽ እስኪሰማህ ድረስ ቀንሰው። ብቻህን ስትሆን አንዱ ስፒከር ይበቃሃል። ካርታውን በጆሮ ስማ፣ ጥሪውን ግን ጥግ ይዘህ፣ እግርህን መሬት ላይ አድርገህ መልስ። ሆስፒታል አካባቢ ስትደርስ ደግሞ ሙዚቃውን ዝጋው።

ለተሳፋሪው፦ አንተ የነጂው ሁለተኛ ዓይን ነህ። መስቀለኛ መንገድና አደባባይ ላይ ዝም በል፤ ወሬው ይደርሳል።

ለዴሊቨሪ ድርጅቶችና ለሱቆች፦ ትልቁ ቁልፍ በእናንተ እጅ ነው። ትዕዛዝ ሲወጣ ሎኬሽን ከሌለው እንዳይወጣ ማድረግ ትችላላችሁ። ሞተረኛው ሲንቀሳቀስ ደንበኛው ለእሱ ሳይሆን ለቢሮ እንዲደውል ማድረግ ትችላላችሁ። «ደርሻለሁ፣ በሩ ላይ ነኝ» የሚል አንድ መልእክት አምስት ጥሪ ያስቀራል። እየነዳ ስልክ ያላነሳን ሞተረኛ እንደማትቀጡት በግልጽ ንገሩት። ይህ ወጪ የለውም።

ለከተማ አስተዳደሩ፦ የአድራሻ ጉዳይ የፖስታ ጉዳይ ብቻ መስሎ ከታየ ተሳስተናል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ሰው የሚጠቀምበት ሆኖ ቢሠራ፣ አምቡላንሱም ዴሊቨሪውም «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ፍለጋ አይዞሩም። ሞተረኛው እየነዳ የሚያወራው ቤታችን ስለማይገኝ ነው ካልን፣ ቤታችን እንዲገኝ ማድረግ የትራፊክ ደኅንነት ሥራ ነው።

ለእኛ ለደንበኞችስ? ይህ ነው ብዙ ጊዜ የምንረሳው። ምሳ አዝዘን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «የት ደረስክ?» ብለን የምንደውለው እኛ ነን። የምንደውልለት ሰው በዚያች ሰዓት የት እንዳለ አናውቅም። አደባባይ ላይ ሊሆን ይችላል። ጳውሎስ በር ላይ፣ ክራንች የያዘ ሰው ከፊቱ እያቋረጠ ሊሆን ይችላል። ከትዕዛዙ ጋር አብረን በቴሌግራም ሎኬሽን ብንልክ፣ አንድ የበር ፎቶ ብንጨምር፣ ከዚያ ስልኩን ብናስቀምጥ ምንም አይቀርብንም።

መሣሪያ የሰውን ፀባይ አይቀይርም። ጥሩ ፀባይ ላለው ያግዘዋል፤ የሚያስቸኩለውን ሥራ ደግሞ ይበልጥ ያስቸኩለዋል። ብሉቱዝ ኢንተርኮም ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ድምፅ ለነጂው ካደረሰ ጥሩ ገንዘብ ወጥቶበታል። የማያልቀውን «የት ደረስክ?» ብቻ ካደረሰ ግን ከጉንጭ የወጣው ስልክ ወደ ጆሮ ገባ እንጂ መንገዱ ላይ ምንም አልተለወጠም።

እስቲ ዛሬ ዴሊቨሪ የምታዙ ሰዎች ይህን አንድ ነገር ሞክሩ፦ ሎኬሽን ላኩ፣ አትደውሉ። ሞተረኞችም ተሞክሯችሁን ጻፉልን። በተለይ ቀጣሪዎቻችሁ እየነዳችሁ ስልክ ስላለማንሳታችሁ ምን እንደሚሏችሁ ማወቅ እንፈልጋለን። ስማችሁን ሳንጠቅስ በቀጣይ እንመለስበታለን።

መልካም መንገድ።